የውኃ አባት

ጦሳ ጉም ደርቦ፣ ደሴን ከነመብራቷ በውስጡ ሲደብቃት፣
እኔ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነበርኩ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ሁለት ሰርቨር አሉኝ፤ አንዱ የካርድ ክፍል፣ አንዱ የላብራቶሪ፤
ጎን ለጎን የቆሙ፣ ተነጋግረው የማያውቁ፣ ያንድ ጣሪያ ነዋሪ።
ከሥራቸው የዲስኩ መደርደሪያ፣ ጥልቅ፣ እንደ ሐይቅ፣
በብርሃን ክር የታሰረ፣ የታማሚውን ሁሉ ስም የሚያውቅ።

መስመሩን የዘረጋው ልጅ፣ ኮምቦልቻ የተማረው ታጁ፣
«አንድ ቮልዩም ይበቃል» አለ፤ «ሁለቱም ይቅዱ፣ በየደጁ።
ፋይል የሚያቀብል አቀባባይ በመሀል ለምን ይቁም?
ከምንጩ እየጠጡ ወረፋ አይጠብቁም።»
እውነቱን ነበር፤ ግማሹን።

ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ንጋት
የወይዘሮ ዙበይዳ የደም ዓይነት ጠፋ ከተጻፈበት፤
በቦታው የአንድ ሕፃን ክብደት፣ ሁለት ኪሎ ከስምንት፣
ከዚያ በታች ፊደል ያልሆነ ፊደል፣ የዶሮ ጭረት።

ማንም አልዋሸም። የከፋው ይህ ነው።
ካርድ ክፍል ባዶ ያየው ገጽ ላይ ጻፈ፤
ላብራቶሪም ያንኑ ገጽ ባዶ ነው ያየው።
እያንዳንዱ ካርታውን በልቡ ሸሽጎ
በተዘራ ማሳ ገባ፣ የሰውን ቡቃያ አፈር አድርጎ።

ታጁ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ፣ ከገመዱ ጥቅል ላይ።
«ዲስኩ ጤነኛ ነው» ይላል፤ «አንድ ቀይ መብራት የለበትም፣ እይ!»

እኔ ግን ግራና ነበርኩ፤ ከመርሳ አለፍ ብሎ፣ ከቦዩ ዳር፣
አባቴ ይመር ሙሄ የውኃ አባት ሆኖ ሲኖር።
አንዲት ጣሳ ውኃ አልተሸከመም ለማንም፤
ባልዲ አንጠልጥሎ ከጓሮ ጓሮ አልዞረም።
ውኃው መንገዱን ያውቃል፤ ሰዉም እጅ አለው፣ አካፋ አለው።
የአባቴ ሥራ ተራ ነበር። ተራ መጠበቅ።

አንድ ሌሊት፣ ተራው የእንድሪስ ሆኖ፣ እንድሪስ ዝም አለ።
ተጣራን፤ መልስ የለም። አበራሽ፣ «ተኝቷል፤ ልክፈት» አለች፤ «ሽንኩርቴ ነደደ፣ ተቃጠለ።»
አባቴ እንቢ አለ። «ዝም ያለ ሁሉ አልተኛም፤ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም።
አንቺ ስትከፍቺ እሱም ቢከፍትስ? ለሁለታችሁም አይሆንም።»
ጨለማውን አቋርጦ የእንድሪስን ቦይ በጭቃና በሣር ደፈነው፤
በተረከዙ ረግጦ አጠበቀው።
ከዚያ ወዲያ ነው፣ «በይ ክፈቺ» ብሎ ለአበራሽ የፈቀደው።

ይህን ለታጁ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ።

ቮልዩሙን ከሁለቱም ነቀልን፤ እስከ ማታ እንደገና አሰናዳን።
አሁንም አቀባባይ የለም። ሁለቱም በገዛ እጃቸው ይቀዳሉ፤
ግን ከመጻፋቸው በፊት፣ «ይህ ገጽ ዛሬ የማነው?» ይላሉ።
ቁልፉን የያዘ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ቁልፉን ይመልሳል፤
ሌላው ያረጀ ካርታውን ጥሎ አዲሱን ያነባል።
ለምስክርነት ያቆምነው፣ ከመጋዘን የወጣው አሮጌ ኮምፒውተር፣
ዝም ያለውን አስቀድሞ ያጠፋዋል፤ ይሉኝታ የለው፣ አያፍር።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም አስረዳሁት፣ በሚገባው ቋንቋ።
ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ» አለኝ፣ «ያ የምትጠብቀው ውኃ
ምን ያበቅላል?»
«ስም» አልኩት። ሌላ ቃል አጣሁ።
«እንግዲያ አትተኛ» አለና ዘጋው።

የዚያች ሌሊት አሥራ ዘጠኝ መስመር ግን አልተመለሰም።
ከነርሷ ጋር ወደ ዋርድ ወጣን፣ ታጁና እኔ፣ አንገታችንን ደፍተን።
ወይዘሮ ዙበይዳ እጅጌዋን ሰበሰበች፤
የትናንቱን የመርፌ ወግታ በጣቷ እያሳየች፣
«ሰጥቻችሁ አልነበር?» አለች፤ «የት አደረሳችሁት?»
ታጁ ጫማውን አየ።
እኔ ጣሪያውን።